የዶሮዎቹ ቁልፍ

በኮምቦልቻ የሚጮህ ሰው ከሰማሁ ብዙ ዓመት ሆነኝ። ሹፌር ሹፌርን አይሰድብም። ገበያ ላይ በዋጋ ያልተስማሙ ሰዎች የሚነጋገሩት በሽተኛ እንዳይቀሰቅሱ የሚጠነቀቁ ይመስል ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው። እግራቸው ግን አያርፍም። አውቶቡስ ውስጥ የተቀመጠው ሁሉ ጉልበቱን ያርገበግባል። ወረፋ የያዘው ባለበት ይረግጣል። ኢማሙም ቄሱም ቆመው ሲያስተምሩ ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ሲቀያይሩ ይውላሉ። ከከተማችን ሰው ሁሉ ኑሮ የቀናው ለጫማ ሠሪው ነው።

ከሥራ በኋላ ሕዝቡ ወደ መንጎራደጃው ይወጣል። ከቦርከና ድልድይ ጀምሮ ፋብሪካዎቹ ድረስ የተነጠፈ ሰፊ መንገድ ነው፤ በቀኝ ይኬዳል፣ በግራ ይመለሳል። የትም የሚደርስ የለም። ወዴት ነው ብሎ የሚጠይቅም የለም፤ ሁላችንም እግራችን እስኪደክም እንመላለስና እንተኛለን። የተኛን ጊዜም ብርድ ልብሱ ሥር እግራችን ይንቀሳቀሳል።

ማርገቢያዬን እንደ ማንም ሰው በግራ እጄ አንጓ ላይ አስሬያለሁ። አረንጓዴ ሲሆን ደህና ነኝ ማለት ነው። ብስጭት ሲጀማምረኝ ቢጫ ይሆናል፤ ቅዝቃዜ ከአንጓዬ ተነስቶ በብብቴ በኩል ደረቴ ውስጥ ይገባል። ከዚያ በኋላ ማን እንዳናደደኝና ምን እንዳለኝ ሁሉ አስታውሳለሁ፣ ንዴቱን ግን አላገኘውም። ጓዳ ገብቶ ምን ሊያነሳ እንደገባ የጠፋው ሰው እንደሚቆመው እቆማለሁ።

ውለታ ቢስ አይደለሁም። እናቴ ልጅ ሆና የተቃጠለ ቤት አይታለች፣ ከጎረቤት ሸሽታ ጫካ አድራለች። ማርገቢያ የታደለ ዕለት እልል ያለችውን አልረሳም። ስለዚህ ማርገቢያን የሚያማ ሰው ሲገጥመኝ አላግዘውም። ግን አፉንም አላስዘጋውም።

ከሰው ቀጥሎ ለእንስሳት ተሰጠ። ውሾቹ መናከስ ትተው ቀኑን ሙሉ ጭራቸውን እያሳደዱ ይሽከረከራሉ። ከብቱ አይዋጋም። የጅቦቹ ነገር ግን አልቀናም፤ ከተማው ዳር በጎች አጠገብ ተኝተው፣ አጥንታቸው ገጦ፣ በጎቹን እያዩ አለቁ። ማርገቢያውን የሚያድለው የእርጋታ ቢሮ ይህንን የሽግግር ችግር ብሎ አለፈው። ጭልፊትና አሞራ ገና አልደረሳቸውም፤ በቅርቡ ይደርሳቸዋል ተብሏል።

ትልቁ ልጄ ጧሃ የሞተው መንጎራደጃው ላይ ነው። ትከሻው ሰፊ፣ ሲራመድ መንገድ የሚያጣብብ ልጅ ነበር። ሁልጊዜ ማታ ሲንጎራደድ በሪሁን የሚባል የግንባታ ሠራተኛ ከወዲያ ይመጣል፤ ሲተላለፉ የጧሃ ትከሻ የበሪሁንን ትከሻ ይነካዋል። ይኸው ነው፣ ሌላ ነገር የለም። ድሮ ቢሆን በመጀመሪያው ቀን "አታይም እንዴ?" ይባባሉ ነበር፤ አንዱ ይሳደባል፣ ሰው ይገላግላል፣ ምናልባትም ሻይ ተገባብዘው ይለያያሉ። እነሱ ግን አንድ ቃል ሳይነጋገሩ ለወራት ተላለፉ። ከዕለታት አንድ ቀን በሪሁን ከሥራ ቦታው ፌሮ ይዞ መጣ። ጧሃ አጠገቡ ሲደርስ አናቱን መታው። ፌሮውን መንገድ ዳር አስቀመጠና መንጎራደዱን ቀጠለ። ሌላውም ሰው ልጄን እየዞረው ቀጠለ።

ፍርድ ቤት የበሪሁን ማርገቢያ ታየ። ከመምታቱ በፊትም፣ ሲመታም፣ ከመታ በኋላም አረንጓዴ ነበር። ንዴት ከሌለ ግጭት የለም፣ ግጭት ከሌለ ጥቃት የለም ተባለ። "ያለ ግጭት የደረሰ ሞት" ብለውት ጥቂት ዓመት አሰሩት። በዚያው ዓመት መጨረሻ ቢሮው ከተማችን ዘንድሮም ጥቃት ያልተፈጸመባት መሆኗን በየምሰሶው ላይ አበሰረ። እኔም ቆሜ አነበብኩት፤ ቅዝቃዜው መጣ፣ አለፈኝ።

ልጄ ሞቶ አላለቀስኩም። እንባው ጉሮሮዬ ድረስ ይመጣል፣ ቅዝቃዜው ይደርስበትና ይመልሰዋል። ማርገቢያ ሐዘንን ከንዴት አይለይም፤ የሟች እናት ሆነው ካላዩት ልዩነቱም ብዙ አይታይም። ለቀስተኛው ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ ጉልበቱን እያርገበገበ "አላህ ያጽናሽ" ይለኛል፤ ከዚያ ተነስቶ ሊንጎራደድ ይሄዳል። ጎረቤቴ ታንጉት ብቻ ቀረች። ግድግዳችን አንድ ነው፤ ጧሃ ጡት ከተወ ጀምሮ ግማሹን ምሳውን የበላው እሷ ቤት ነው።

"ማልቀስ ነበረብን እኮ" አለችኝ።

"ነበረብን" አልኳት።

ሁለታችንም ደረቅ ዓይናችንን ይዘን ውሃ ስናቀርብ ዋልን።

ትንሹ ልጄ አንዋር ያን ጊዜ እንደ ሰው ሁሉ ሲንጎራደድ ከረመ። የበሪሁን መፈቻ ቀን ሲቃረብ ግን ከመንጎራደጃ ሲመለስ ጓሮ ቁጭ ብሎ ቢላ መሳል ጀመረ። ቢላውን ይስላል፣ በአውራ ጣቱ ይሞክረዋል፣ በጨርቅ ጠቅልሎ ያስቀምጠዋል። ያ እግሩ እንኳ ሲስል ጸጥ ይላል።

"ይኼ ቢላ ምን ሊሆንህ ነው?" አልኩት።

"በሪሁንን ልገድልበት ነው፣ እማ።"

ወጡ ጨው አንሶታል እንደሚል ሰው ነው ያለው። እጁን ይዤ ማርገቢያውን አየሁት። አረንጓዴ ነው። በማግስቱ ለእርጋታ ቢሮ ደወልኩ። የልጄን ሐሳብ ነገርኳቸው። የስልኩ ልጅ በትሕትና አዳመጠኝና "ማርገቢያው ምን ይላል፣ እናቴ?" አለኝ። አረንጓዴ ነው አልኩት። "እንግዲያው ችግር የለም፣ አይጨነቁ" አለኝ።

ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። ማርገቢያ ንዴትን ያውቃል፣ ቂምን አያውቅም። ቂም እኮ መሞቅ አያስፈልገውም። ቀዝቅዞም ይቀመጣል፤ እንዲያውም ሲቀዘቅዝ ነው የሚከርመው። በሪሁን ልጄን የገደለው በቂም ነው፣ አንዋርም በሪሁንን የሚገድለው በቂም ነው። ከዚያ የበሪሁን ወንድም ይቀጥላል። ሁሉም አረንጓዴ እንደሆኑ ይተላለቃሉ፤ ምሰሶዎቹም በየዓመቱ ያበስራሉ።

በሪሁን እንደተፈታ ሸህ ያሲን ቤቴ መጡ። ሸህ ያሲን አባጋር ናቸው። አባጋር በእኛ በወሎ ደመኞችን የሚያስታርቅ፣ ደም የሚያደርቅ ሽማግሌ ነው፤ አባታቸውም አያታቸውም ይኸው ነበር ሥራቸው። ቢሮው ለወጉ ያህል እንዲቀጥሉ ትቷቸዋል። ወንበር ሰጠኋቸው፤ ሁለታችንም ጉልበታችንን እያርገበገብን ተቀመጥን።

"በሪሁን ደም ይድረቅልኝ ብሏል" አሉኝ። "እርቁ ካልጸደቀለት ከተማ ውስጥ ቤት አይሰጡትም።"

"እሺ ካልኩስ ምንድን ነው የሚደረገው?"

"ምን ይደረጋል ልጄ! አንዲት ልጅ ከቢሮ ትመጣለች። አንቺን፣ አንዋርን፣ በሪሁንን አቁማ መብራታችሁን ታያለች። አረንጓዴ ነው፣ ሌላ ምን ሊሆን! ደሙ ደርቋል ትላለች፣ ስልኳን ትነካካለች። እኔ ዱዓ አደርጋለሁ። ለሻይ ውሃ ብትጥጂ ሳይፈላ እንጨርሳለን።"

"ድሮስ?"

እሳቸው ስለ ድሮ ሲጠየቁ ደስ ይላቸዋል።

"ድሮማ ጩኸት ነበር! አባቴ ሲያስታርቅ ቀናት ሙሉ ይጮህ ነበር። የሟች እናት ገዳዩን ትሰድበዋለች፣ አባቱን ትሰድባለች፣ የተወለደበትን ቀን ትረግማለች። አንድ ሽማግሌ ዝም በይ አይላትም። ሳትሰድበው እንዴት አድርጋ ትምረዋለች? ገዳዩ ደግሞ አንገቱ ላይ ገመድ አስሮ ነው የሚመጣ። መጨረሻ ላይ ለሟች ወንድም ቢላ ይሰጠዋል። አንገቱም ገመዱም እፊቱ ነው። ገመዱን የቆረጠ ጊዜ ደሙ ደረቀ ይባላል።"

"አንገቱን የቆረጠ የለም?"

"በአባቴ እጅ አልደረሰም። ሰው ጮሆ ጮሆ ሲጨርስ እጁ ይዝላል፣ መዲና። ዛሬ ማን ጮሆ፣ የማን እጅ ይዝላል?"

ስለ ቢላው ነገርኳቸው። አልደነገጡም፤ መደንገጥም ቢሆን አይችሉም። አንጓቸው ብቻ ለአፍታ ቢጫ ሆኖ ተመለሰ።

"ልጅሽን መንጎራደጃው ላይ አይቼዋለሁ" አሉኝ። "ዓይኑ ያን ጊዜ የበሪሁን ዓይን እንደነበረው ነው። እርቁ ቢቀር መንገድ ላይ ያገኘዋል። ካልቀረ ግቢሽ ውስጥ ያገኘዋል።"

"ታዲያ ምን ላድርግ ሸህዬ?"

"እኔ ዱዓ አድራጊ ነኝ" አሉና ተነሱ። በሩ ጋ ሲደርሱ ዞር ብለው "አብሽሪ" አሉኝ። ቃሉን ሲሉት ራሳቸውም አላመኑበትም።

እኔ የምተዳደረው በዶሮ ነው። ዶሮዎቼ ጣሪያው ላይ ናቸው፤ እያንዳንዷ እግሯ ላይ እንደ ቀለበት የገባ ትንሽ ማርገቢያ አላት። ዶሮ እርስ በርሱ ይናከሳል፣ ደካማዋን ጭራዋን እየነጩ ያደሟታል፤ ስለዚህ ግዴታ ተደረገ። ዶሮ ሲያድግ ቀለበቱ ስለሚጠበው ለማስፋት ለባለቤቱ የእስክሪብቶ ክዳን የምታህል ቁልፍ ይሰጠዋል። ቀለበቱ ከገባላቸው ወዲህ ዶሮዎቼ አይናከሱም። ቆጡን እየዞሩ ሲራመዱ ይውላሉ።

ሸህ ያሲን በመጡ ሰሞን ገብስማዋ ዶሮዬ ጫጩቶች ነበሯት። ጭልፊት ወርዶ አንዱን ወሰደባት። እሷ ቆማ አየችው። አንገቷን ወደዚህ አለች፣ ወደዚያ አለች፣ ክንፏን ሳትዘረጋ መራመዷን ቀጠለች። እኔም ያን ጊዜ ከልብሴ ላይ ላባ እያራገፍኩ ቆሜ እያየሁ ነበር። ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ እጄ ቁልፉን አነሳ። ቀለበቷን አወለቅሁላት።

መጀመሪያ ያደረገችው ነገር አያምርም። ዘላ አጠገቧ የነበረችውን ነጭ ዶሮ አናቷ ላይ ነክሳ አደማቻት። ልገላግል ስል እኔንም ወጋችኝ። ቀለበቱን ልመልስላት ብል አልያዝ አለችኝ። በዚህ መሀል ጭልፊቱ ተመለሰ። ገብስማዋ ላባዋን ነፋ አድርጋ፣ እንዲያ ዓይነት ድምፅ ከዶሮ ይወጣል ብዬ የማላስበውን ድምፅ አውጥታ ተነሳችበት። ጭልፊቱ ላባ ጥሎ ሄደ። እሷም ጫጩቶቿን ክንፏ ሥር ሰበሰበችና ተቀመጠች። ሌሎቹ ዙሪያዋን ይዞራሉ፣ እሷ ተቀምጣለች። ዶሮ ተቀምጦ ካየሁ ስንት ጊዜዬ!

ቁልፉን አየሁት። ከዚያ አንጓዬን አየሁት። የዶሮውንም የሰውንም ማርገቢያ የሚሠራው አንድ ፋብሪካ ነው። ለሰው ለብቻው ቁልፍ ማውጣት ወጪ ሆኖባቸው ይሆናል፤ ወይም ዶሮ አርቢ ይህን ይሞክራል ብሎ ያሰበ የለም። አስጠጋሁት። ቀጭ አለና ወለቀ።

ለትንሽ ጊዜ ምንም አልነበረም። ከዚያ ከእግሬ ጀምሮ ሙቀት ወጣ። ፌሮው ትዝ አለኝ። ልጄን እየዞሩ ያለፉት ጫማዎች ትዝ አሉኝ፤ ከእነሱ ውስጥ የማውቃቸው ጫማዎች ነበሩ። አጠገቤ የነበረውን የእንቁላል ቅርጫት አንስቼ ከግድግዳው ጋር አላተምኩት። ሁለተኛውንም ቅርጫት ደገምኩት። ወደ ራሴ ስመለስ ክንዴ እስከ ክርኔ አስኳል ነው፣ ጥርሴ ተገጣጥሞ አልላቀቅ ብሏል፣ የሚገደል ሰው ብቻ ነበር የሚያስፈልገኝ። ፈራሁ። ማርገቢያውን አንስቼ መልሼ አሰርኩት።

እኔ ለአፍታ ባወልቀው እንዲህ ከሆንኩ፣ አንዋር ቢላ ይዞ ቢያወልቀውስ? ቁልፉን ከጡቴ መሀል ሸጎጥኩት። እንዳልነካው ለራሴ ማልኩ።

የእርቁ ዕለት ጠዋት ግቢውን ጠርጌ ውሃ ረጨሁበት። የቢሮዋ ልጅ ሶስና ትባላለች፤ ደግ ፊት ያላት፣ ስትናገር ተረከዟን ከፍ ዝቅ የምታደርግ ልጅ ናት። ሸህ ያሲን በሪሁንን ይዘውት ገቡ። አንገቱ ላይ የጠፍር ገመድ አስረውበታል፤ ጫፉን እሳቸው ይዘዋል። ለወጉ ነው ተብሎ ተፈቅዶላቸዋል።

በሪሁንን ከፍርድ ቤት ወዲህ አላየሁትም። ከስቷል። ፊቱ ላይ ክፋት ፈለግሁ፤ አጣሁ። ጸጸትም ፈለግሁ፤ እሱንም አጣሁ። ተራው እስኪደርስ የሚጠብቅ ሰው ፊት ነው።

ሶስና እጃችንን አስዘርግታ አየች። የእኔ አረንጓዴ። የበሪሁን አረንጓዴ። አንዋር በዚያ ሙቀት ጃኬት ለብሷል፤ የእሱም አረንጓዴ።

"በጣም ደስ ይላል" አለች። "እርቁ ጸድቋል። ደሙ ደርቋል። እንኳን ደስ አላችሁ።"

ሸህ ያሲን ለዱዓ እጃቸውን ሊያነሱ ሲሉ አንዋር አንድ እርምጃ ወደፊት አለ።

"ልቀፈው" አለ።

"ውይ፣ እንዴት ደስ ይላል!" አለች ሶስና።

ቀኝ እጁ ጃኬቱ ውስጥ ሲገባ አየሁት። እየቸኮለ አይደለም። ሱቅ ገብቶ ዕቃ እንደሚያነሳ ሰው ነው የገባው። ሸህ ያሲንም አዩ። አፋቸውን ከፈቱ፣ አንጓቸው ቢጫ ሆነ፣ አፋቸው ተመልሶ ተከደነ።

ጣሪያው ላይ ያለችው ገብስማ ትዝ አለችኝ። እሷ ሁለቱንም አድርጋለች፤ ነጯን አድምታለች፣ ጫጩቷንም አድናለች። ልጄ ማርገቢያው ቢፈታለት የትኛውን እንደሚያደርግ አላውቅም ነበር። ታስሮ የሚያደርገውን ግን አውቀዋለሁ። ሄጄ የግራ እጁን ያዝኩና ቁልፉን አስጠጋሁ።

ቀጭ።

ቢላው ወጥቶ የበሪሁን አንገት ጋ፣ ገመዱ ላይ ደርሷል። እዚያው ቆመ። የአንዋር ፊት መጀመሪያ ግራ ገባው፤ ከእንቅልፉ የነቃ ሕፃን ፊት ሆነ። ከዚያ አፉ ተከፈተና ጮኸ። ቃል የለውም፣ ጩኸት ብቻ ነው። በመንደሩ ያሉት ውሾች መሽከርከራቸውን አቁመው ጆሯቸውን ያቆሙ ይመስለኛል። ቢላ የያዘው እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ስንት ማታ ሲስል አይቼው አንድ ቀን እንኳ ያልተንቀጠቀጠ እጅ ነው።

"ይህ በጣም አሳሳቢ ነው" አለች ሶስና፣ ቅድም በጣም ደስ ይላል ባለችበት ድምፅ።

"ወንድሜን!" አለ አንዋር። "ወንድሜን እኮ ነው! እንደ ውሻ! መንገድ ላይ እንደ ውሻ!"

በሪሁን አልተንቀሳቀሰም። "ችግር የለም" አለው። "ከፈለግህ ግደለኝ።"

"ፍራ!" አለው አንዋር። "ፍራ እንጂ አንተ!"

"እንዴት ልፍራ?" አለ በሪሁን። እያሾፈ አልነበረም። ከልቡ ነው የጠየቀው፤ ጠይቆም ወደ አንጓው አየ።

የራሴን አወለቅሁ፤ ቀጥዬ የእሱን ያዝኩ። አዝኜለት አይደለም፣ ማንም እንዲያ ብሎ አይንገራችሁ። እንዲያመው ፈልጌ ነው። ልጄን መግደሉ አንድ ጊዜ እንኳ ሳያመው አንገቱ ቢቆረጥ ያ ፍርድ አይመስለኝም ነበር።

ማርገቢያው ሲወድቅ በሪሁን እንደ ቆመ ቀረ። ዓይኑ ፈጠጠ። ቀስ ብሎ እጁን አንስቶ ጆሮውን ያዘ።

"ድምፁ" አለ። "አናቱ ሲመታ የወጣው ድምፅ። አሁን ነው የሰማሁት።" ተንበረከከ። "ትከሻዬን ይነካኝ ነበር። በየቀኑ። አንድ ቀን ይቅርታ ይለኛል ብዬ ጠበቅሁ። አላለኝም። እኔም አልጠየቅሁትም። ትከሻ እኮ ነው! በትከሻ ሰው እገድላለሁ? እናቴ፣ እኔ በትከሻ ሰው ገደልኩ?"

"እናቴ አትበለኝ!" ብዬ በጥፊ መታሁት። ደገምኩት። እጄ ነደደኝ። አፌ የማላውቀውን ስድብ አወጣ፤ አያቴ የምትሳደበው ስድብ ሳይሆን አይቀርም፣ ከየት እንደመጣ እንጃ። እናቱን ሰደብኩ፣ ያጠባችበትን ጡት ረገምኩ። እሱ ያለቅሳል፣ አንዋር ይጮሃል፣ እኔ እሰድባለሁ።

ሸህ ያሲን ትንሿን ዱካ ጎትተው መሀላችን ተቀመጡ። የገመዱን ጫፍ አልለቀቁም።

"በሉ" አሉ፣ "አሁን እንጀምር።"

"የእርስዎንም ላውልቀው?" አልኳቸው እያለከለክሁ።

"የእኔ ይቆይ። አንድ ያልጋለ ሰው ያስፈልጋችኋል።"

ሶስና ሪፖርት ማድረግ እንዳለባት በትሕትና ነግራን ወጣች። ነገ ቢሮው ሰው እንደሚልክ አውቃለሁ። የከተማዋ ምሰሶዎችም ዘንድሮ የሚያበስሩት ነገር ይጎድልባቸዋል።

እስከ ዙሁር ሶላት ድረስ ጮህን። ሸህ ያሲን አንዱ ሲደክመው ሌላውን "አንተስ?" ይሉታል። እኔ ጧሃ ልጅ ሳለ ትከሻው በበር አልገባ ብሎት እንዴት እስቅበት እንደነበር ተናገርኩ፤ በሪሁን አድምጥ ተብሎ አደመጠ። አንዋር ወንድሙን መንገድ ላይ ወድቆ ካየው ጀምሮ ስንት ጊዜ በሪሁንን በሐሳቡ እንደገደለው ተናገረ። በሪሁን እሥር ቤት ውስጥ ጥሩ እንቅልፍ እንደተኛ ተናገረ፤ ይህንን ሲል ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። አንዋር እንደገና ቢላውን አነሳ። እንደገና እጁ ተንቀጠቀጠ። ሸህ ያሲን የገመዱን ጫፍ እንደያዙ አዩት፤ እኔም አልያዝኩትም። ብይዘው ነገ መንገድ ላይ ያገኘዋል።

ድምፃችን ሲዘጋ፣ ጥላው ወደ ግድግዳው ሲሰበሰብ፣ አንዋር ተነስቶ በሪሁን ፊት ቆመ። ገመዱን በግራ እጁ ያዘ። ቢላው ስል ስለነበር ገመዱ ባንዴ ተበጠሰ፤ እጁ ስላልጸናለት የበሪሁንን አንገት ትንሽ ጫረው። ደም ወረደ። በሪሁን "አመመኝ" አለ፤ ይህንን ሲል እንደ መገረም ብሎት ነበር። አንዋር የተቆረጠውን ገመድ ይዞ ደሙን አየ፣ ከዚያ ቢላውን እንደ ትኩስ ነገር ጣለና ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ። እግሩን አየሁት። እግሩ አይንቀሳቀስም።

በሪሁንን ይቅር አልኩት ብዬ አልዋሽም። አላውቅም። ሸህ ያሲን አንገቱን በጨርቅ አስረውለት ይዘውት ሲወጡ ፊቴን አዞርኩ። ገመዱ ግን ተቆርጧል፤ ያ ከእኔ ልብ የተለየ ጉዳይ ነው።

እነሱ ከወጡ በኋላ ግቢው ጸጥ አለ። ጣሪያው ላይ ገብስማዋ ትንሽ ተንጫጫች። ያኔ መጣብኝ። ጉሮሮዬ ጋ ደረሰ፤ እንደ ልማዴ ቅዝቃዜውን ጠበቅሁ፣ ቅዝቃዜ የለም። መሬቱ ላይ ተቀምጬ "ጧሃ!" አልኩ። "ጧሃዬ! የእኔ ሰፊ!" ድምፄ ዘግቶ ነበር፣ ቢሆንም ከግድግዳው ወዲያ የሚያልፍ ድምፅ ወጣኝ።

ታንጉት ነጠላዋን እያስተካከለች በሩን ገፍታ ገባች። ጠዋቱን ሙሉ ጩኸቱን ስትሰማ ቆይታ ኖሮ ማርገቢያዋ ቢጫ ሆኗል።

"መዲና! ምነው? ምን ሆንሽ?"

"ልጄ ሞተብኝ" አልኳት።

አንዋርን አየች። መሬት ላይ የወደቁትን ማርገቢያዎች አየች። እጄ ላይ ያለችውን ቁልፍ አየች። ከዚያ ነጠላዋን ከራሷ ላይ አውርዳ ወገቧ ላይ አሰረችና አጠገቤ መሬት ላይ ተቀመጠች። ጉልበቷ ይርገበገባል። ግራ እጇን ዘረጋችልኝ።

"የእኔንም ክፈቺልኝ" አለችኝ። "እኔም እኮ አላለቀስኩለትም።"